ሥላሴን ስናስረዳ ሳናውቀው ሰባልዮስን እንዳንሆን

ሥላሴን ለማስረዳት በሚነገረው የውሃ ምሳሌ ልጀምር፤ እኔ ራሴ ያስተማርኩት እሱን ነዋ። ውሃ፣ በረዶ፣ እንፋሎት። ሦስትም አንድም፣ በቃ። ልጆቹ ገባቸው፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ አንባቢ ወዳጄ "ይሄማ ሰባልዮስ የተወገዘበት ነው" ሲለኝ ነው የደነገጥኩት።

ሰባልዮስ በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሮም ውስጥ ያስተማረ ሰው ነው። እግዚአብሔር አንድ አካል ብቻ ነው ባይ ነበር፤ አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ የምንላቸው ያው አንዱ የሚገለጥባቸው መልኮች ናቸው እንደማለት። የሮሙ ጳጳስ ካሊስቶስ በ220 አካባቢ አወገዘው። ቤተ ክርስቲያን የምትለው በመለኮት አንድ፣ በአካል ሦስት ነው። የኛ ጣጣ፣ በጸሎተ ሃይማኖት ይህንን እያልን ምሳሌ ስንፈልግ ያኛውን ማስተማራችን ነው።

ውሃው ላይ ምን አጠፋሁ? ያው አንድ ብርጭቆ ውሃ በረዶ ሲሆን እንፋሎት አይደለም። አንዱን መልክ ጥሎ ነው ሌላውን የሚይዘው። ማቴዎስ ምዕራፍ 3ን ግን ክፈቱት፦ ወልድ ከዮርዳኖስ ሲወጣ፣ መንፈስ ቅዱስ እንደ ርግብ ሲወርድ፣ አብ ከሰማይ "የምወደው ልጄ" ሲል። ሦስቱም በአንድ ቅጽበት። (ፊዚክስ የሚወድ ሰው ሁሌ አይጠፋም፤ ውሃ 0.01 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ፣ በጣም ዝቅተኛ በሆነ ግፊት፣ በሦስቱም መልክ አብሮ ይገኛል ይላል። ልክ ነው። ግን ያኔ አንዱ ክፍል በረዶ፣ ሌላው ፈሳሽ፣ ሌላው እንፋሎት ነው፤ ስለዚህ ከሰባልዮስ ሸሽተን እግዚአብሔርን ሦስት ቦታ ቆራረጥነው ማለት ነው። የእንቁላሉ ቅርፊት፣ ነጭና አስኳልም የሚወድቀው እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው።)

"አንድ ሰው ለልጁ አባት፣ ለአባቱ ልጅ፣ ለሚስቱ ባል ነው" የሚለውስ? ይሄ ይባስ። ያ ሰውዬ አባት ሆኖ ልጅ ከሆነው ከራሱ ጋር አያወራም፤ ካወራም ያሳስባል። ኢየሱስ ግን በጌቴሴማኒ "አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን" ብሎ ይጸልያል። አንተ አለ፣ እኔ አለ። አንዱ ሌላውን ይልካል፣ ይወዳል፣ ይሰማል። ምሳሌያችን ይህን "እኔና አንተ" ካጠፋ፣ የቱንም ያህል ቢጥም ይቅርብን። አባቶች የፀሐይን ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያነሱ ሦስቱ ሳይለያዩ አብረው መኖራቸውን ለማሳየት ነው፤ እዚያ ድረስ ያስኬዳል፣ ከዚያ በላይ አይጎተትም።

ሌላው ስህተት አማርኛችን ራሱ የሚያመጣው ነው። "ሦስት አካል" ሲባል ብዙ ሰው ሦስት ገላ፣ ሦስት ዙፋን ላይ የተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ይታዩታል፤ ከዚያ ወይ ሦስት አማልክት ይላል፣ ወይ ደንግጦ ወደ ሰባልዮስ ይሸሻል። "የአካል ብቃት" ስንል የምናስበው አካል ሌላ ነው፣ ይሄኛው ሌላ። እዚህ አካል ማለት "እኔ" ባይ ማለት ነው። ግሪኮቹም በቃላት ተቸግረዋል። የ4ኛው መቶ ዓመት ጳጳስ ቂሳርያዊው ባስልዮስ "ሦስት ገጽ" ማለት ብቻውን አይበቃም ያለው፣ የግሪኩ ቃል ፊትም የተዋናይ ጭምብልም ስለሚሆን ሰባልዮስም ያለ ችግር ሊለው ስለሚችል ነው። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ደግሞ በ362 እዚያው እስክንድርያ ላይ ጉባኤ ሲሰበሰብ "አንድ ሂፖስታሲስ" የሚሉትንም "ሦስት ሂፖስታሲስ" የሚሉትንም ምን ማለታችሁ ነው ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ወገን ቃሉን ለባሕርይ፣ ሌላው ለአካል ነበር የሚጠቀምበት፤ እምነታቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። እኛ ብንሆን ኖሮ ሳንጠይቅ ተወጋግዘን ነበር።

አብና ወልድ ያው አንድ አካል ናቸው የሚል ሰው "እኔና አብ አንድ ነን" (ዮሐንስ 10፥30) ብሎ ሲጠቅስ ደግሞ ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ የተሸነፉ መስሏቸው። ኧረ ጥቅሱን በደንብ እዩት! "ነን" ነው የሚለው፣ "ነኝ" አይደለም። ግሪኩም እንደዚያው ብዙ ቁጥር ነው፤ "አንድ" የሚለው ቃል ደግሞ በወንድ ጾታ ሳይሆን ወንድም ሴትም ባልሆነው ጾታ ነው የተቀመጠው፤ አንድ ሰው ናቸው ሳይሆን አንድ ነገር ናቸው ዓይነት። የሰሜን አፍሪካው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን በ213 አካባቢ፣ አብና ወልድ ያው አንዱ ናቸው ከሚለው ከፕራክስያስ ጋር ሲከራከር ይህንኑ ነጥብ አንስቶታል። ፕራክስያስን "ጰራቅሊጦስን አሳደደ፣ አብን ሰቀለ" ያለውም እዚያው ላይ ነው። ምላሱ አይቻልም።

ይህ 213 የሚለው ዓመት ልብ ይባልልኝ፤ "ሥላሴን ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ፈጠረው" ለሚለው ወሬ መልሱ እሱ ነውና። የኒቅያ ጉባኤ 325 ነው። ተርቱሊያን ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ኒቅያ ላይ የተከሰሰውም ወልድን ፍጡር ያለው አርዮስ እንጂ ሰባልዮስ አልነበረም።

እነዚህን ሁለቱን መደባለቅ ራሱ ስህተት ነው፤ በጣም የተለመደም ነው። አርዮስ ወልድን ከአብ አሳነሰው፤ ሰባልዮስ ወልድን ራሱን አብ አደረገው። ዛሬ "ኢየሱስ ብቻ" የሚባለውን ትምህርት የያዘ ሰው አጠገባችሁ ካለ "የኢየሱስን አምላክነት ትክዳለህ" አትበሉት። አይክድም፣ ይስቅባችኋል። እንዲያውም ከሰባልዮስም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1913 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከተደረገ የጴንጤቆስጤዎች ጉባኤ ተነስቶ በ1916 አሰምብሊስ ኦፍ ጎድ ከተባለው የጴንጤቆስጤ ቤተ እምነት የተለየው ይህ ወገን፣ መልኮቹ በየተራ የሚቀያየሩ ናቸው አይልም። አብ ማለት የኢየሱስ መለኮቱ፣ ወልድ ማለት ሥጋ የለበሰው ሰውነቱ ነው፤ ሲጸልይ ሰውነቱ ወደ መለኮቱ ጸለየ ይላል። ስለዚህ የዮርዳኖሱን ታሪክ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ መልስ አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

እኔ የምይዘው ዮሐንስ 17ን ነው። ቁጥር 5 ላይ ወልድ ዓለም ሳይፈጠር በአብ ዘንድ ስለነበረው ክብር ይናገራል፤ ቁጥር 24 ላይ ደግሞ "ዓለም ሳይፈጠር ስለ ወደድኸኝ" ይላል። ያኔ ሥጋ የለ፣ ቤተልሔም የለ። ታዲያ ማን ማንን ወደደ? ወልድ ማለት በቤተልሔም የጀመረው ሰውነት ብቻ ከሆነ ይህ ፍቅር ተወዳጅ ያጣል። ዮሐንስ 8፥17-18 ይጨመርበት፤ ኢየሱስ የሁለት ሰዎች ምስክርነት እውነት ነው የሚለውን ሕግ ጠቅሶ ራሱን አንድ፣ አብን ሌላ ምስክር አድርጎ ይቆጥራል።

1ኛ ዮሐንስ 5፥7ን ግን ተዉት። "በሰማይ የሚመሰክሩት ሦስት ናቸው፦ አብ፣ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስም" የሚለው ንባብ በጥንቶቹ የግሪክ ብራናዎች ላይ የለም። የሚያውቅ ሰው ፊት ካነሳችሁት ሌላው ክርክራችሁም አብሮ ይረክሳል።

አንድ የቀረኝ አለ፣ እሱም ጸሎት ላይ ነው። "አባት ሆይ፣ ስለ እኔ በመስቀል ላይ ስለሞትህ አመሰግንሃለሁ።" ስንቴ ሰምታችኋል? እኔ ስንቴ እንዳልኩት አልነግራችሁም። ተርቱሊያን "አብን ሰቀለ" ያለው ይህችኑ ነበር፤ እኛ ግን ዓይናችንን ጨፍነን አሜን እንላለን። አብ አልሞተም፣ ልጁን ሰጠ። "አባት ሆይ፣ ልጅህን ስለ እኔ ስለሰጠኸኝ" ብንል ያው ምስጋና ነው፣ ጥቂት ቃል ቢቀየር ነው።