አይ7 ገዝቼ ለምን ይንቀራፈፋል?

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት የፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ) ተማሪ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው። «ጋሼ፣ ተበላሁ መሰለኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ። የእሷ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አእምሮ) አይ7 ነው። የዶርም ጓደኛዋ አይ5። ሁለቱም ስላይትሊ ዩዝድ ናቸው። አንድ ዓይነት የኢታብስ (የሕንጻ ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም) ፋይል ከፍተው ስሌቱን ሲያስጀምሩት ግን አይ5ቱ ቀድሞ ይጨርሳል። እሷ ደግሞ ለዚያች «7» ብላ ብር ጨምራለች።

ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣብኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍርዱን ቀድሞ ሰጥቷል። ወይ «ኤኤምዲ ስለሆነ ነው» ይላል፣ ወይ «ኢንቴል ድሮ ቀረ»። ሁለቱም ፕሮሰሰር የሚሠሩ ኩባንያዎች ናቸው፤ አይ5 እና አይ7 የኢንቴል ናቸው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብራንዱ ጋር አይገናኝም። እስቲ ከምልክቱ እንነሳ።

ምልክት፦ አይ7 ሆኖ በአይ5 ይበለጣል

3፣ 5፣ 7 እና 9 የሚሉት ደረጃ የሚያወጡት በአንድ ትውልድ (በአንድ ዙር በወጡ) ውስጥ ላሉ ፕሮሰሰሮች ነው። የልጅቷ አይ7-7500ዩ ነው፤ ሰባተኛ ትውልድ፣ ሁለት ኮር (ኮር ማለት ለብቻው የሚያሰላ የፕሮሰሰሩ ክፍል ነው)። የጓደኛዋ አይ5-8250ዩ ነው፤ ስምንተኛ ትውልድ፣ አራት ኮር። በመካከላቸው አንድ ዓመት ገደማ ቢሆን ነው።

ያቺ ዓመት ግን ቀላል አልነበረችም። ለዓመታት ተራው ሰው ለዴስክቶፑ የሚገዛው ኢንቴል ከአራት ኮር አያልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ኤኤምዲ ራይዘን 7 የተባለውን ፕሮሰሰሩን ስምንት ኮር አስታጥቆ አወጣው። በዚያው ዓመት ኢንቴል ዴስክቶፑን ወደ ስድስት ኮር፣ ቀጫጭን ላፕቶፖቹን ደግሞ ከሁለት ወደ አራት ከፍ አደረገ። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን ፊት ለፊቱ ሌላ ሱቅ ሲከፈት ኪሎው በድንገት የሚሞላለት ባለሱቅ አውቃለሁ።

መፍትሄው ከመግዛት በፊት ሙሉውን ቁጥር ማንበብ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ክፈቱ፣ ቁጥሩ ከላይ በቀኝ በኩል አለ። ከሰረዙ ቀጥሎ 8 ካለ ስምንተኛ ትውልድ ነው። በ1 የሚጀምር ከሆነ ሁለት አሃዝ ውሰዱ፤ 1235ዩ አሥራ ሁለተኛ ነው። ስቲከሩን አትመኑት፤ ስቲከር ማንም ይለጥፋል።

የኤኤምዲ ወዳጆች፣ እናንተም አትሳቁ። ራይዘን 5 7520ዩ ሲባል አዲስ ይመስላል። ውስጡ ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዜን 2 ንድፍ ነው። በ7000ዎቹ የላፕቶፕ ራይዘኖች ላይ ምስጢሩን የምታወጣው ሦስተኛዋ አሃዝ ናት። 2 ከሆነች ዜን 2፣ 4 ከሆነች ዜን 4። ስለዚህ 7640 እና 7520 ስማቸው ቢቀራረብም ዕድሜያቸው የተራራቀ ነው። ሁለቱም ኩባንያዎች ስም በማምታታት አይታሙም።

ምልክት፦ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል

«ኤኤምዲ ነዋ!» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ወሬው ከመሬት አልተነሳም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የወጡት የኤኤምዲ ኤፍኤክስ ፕሮሰሰሮች እውነትም ኤሌክትሪክ ይጠጡ ነበር፤ ኤፍኤክስ-9590 220 ዋት ተጽፎበታል። ግን ኢንቴልም በተራው አይ9-13900ኬን እስከ 253 ዋት አድርሶታል። የ2011ን ስም ይዞ ዛሬ መገበያየት ያከስራል።

እኔ የማገኘው መንስኤ ሌላ ነው። ባለፈው አንዱን ስከፍት ፋኑና የብረት ክንፎቹ መካከል ያለው ቀዳዳ አይታይም። ግራጫ ባዘቶ ድፍን አድርጎታል። በመርፌ ጫፍ ሳወጣው እንደ ጨርቅ አንድ ላይ ተነሳ። ባለቤቱን «አልጋ ላይ ነው የምትሠራው?» አልኩት። «ጋቢ ላይ አድርጌ» አለኝ። በቃ። ጋቢው ከታች የአየር መግቢያውን ይዘጋል፣ ቃጫውም ወደ ውስጥ ይገባል።

የከተማዋም ነገር አለበት። ስሟ ባሕር ዳር ይባል እንጂ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ላዩ ላይ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ሲጨመርበት ያልተጠረገ ላፕቶፕ አይችልም። ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። መንቀራፈፉ ብልሽት አይደለም፤ ራስን መከላከል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱና ባትሪውን አላቁ። ፋኑን በጣታችሁ ያዙ፤ ሲነፋ በኃይል ከዞረ ሊበላሽ ይችላል። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ዕድሜው ከገፋ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፓስታ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) እንደ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋልና በአልኮል አጽዱት። አልኮል ስል የፋርማሲውን ነው፣ አረቄ እንዳታፈሱበት። ከዚያ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ፓስታ። ሰው አብዝቶ ሲቀባ አያለሁ፤ እንጀራ ላይ ዳጣ መቀባት አይደለም። ከዚያ በኋላ ጋቢው ለትከሻ፣ ላፕቶፑ ለጠረጴዛ።

ምልክት፦ አይሞቅም፣ ግን ለመክፈት ዕድሜ ይፈጃል

ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ 100 በመቶ፣ ሲፒዩ 10 በመቶ ካያችሁ ፕሮሰሰሩን ተዉት፣ ንጹሕ ነው። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ቀይሩ። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ ብር የሚወጣበት ነገር አላውቅም።

ምልክት፦ ቻርጀር ከቀየርኩ ወዲህ ሞተ

አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀሩን ካላወቁት ፕሮሰሰሩን ከ1 ጊጋኸርዝ በታች አስረው ይይዙታል። እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ስፒድ የሚለውን እዩ። ሥራ እያሠራችሁት 0.7 ወይም 0.8 ላይ ከቆመ፣ ዋቱ የሚገጥም ኦሪጅናል ቻርጀር ከጓደኛ ተዋሱና ሞክሩ። ፎርጅድ ቻርጀር ገዝቶ ኢንቴልን የሚራገም ስንቱን አይቻለሁ።

ምልክት፦ አዲስ ዴስክቶፕ ሆኖ ቪዲዮ ሲሠራበት ይዘጋል

ይሄኛው ለስቱዲዮዎች ነው፣ በተለይ በጥር የሰርግ ቪዲዮ ለሚከመርባቸው። ፕሮሰሰሩ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኢንቴል ዴስክቶፕ ከሆነ ራሱ ቺፑን መጠርጠር ያስኬዳል። ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ራሱን እንደሚጎዳ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 አምኗል፤ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው የሚገባው በባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም) አፕዴት ነው። ያልተጎዳውን ይጠብቃል፣ የተጎዳውን አያድንም። ያገለገለ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ከባድ ቪዲዮ አስጀምሩና አንድ ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀመጡ። ሻጩ ቢነጫነጭ ይነጫነጭ።

ምልክት፦ ዊንዶውስ 11 እምቢ አለ

ዊንዶውስ 11 በመደበኛ መንገድ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከራይዘን 2000 ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ለማይቀበለው ማሽን ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ጥሩ ጡረታ ነው። ኢታብስ ግን የዊንዶውስ ነው፤ ለልጅቷ አልሆናትም።

ላፕቶፗን ጠረግኩላት፣ ፓስታውን ቀየርኩ፣ ኤስኤስዲ ገዝታ መጣችና ገጠምኩት። ዊንዶውስ 10 ላይ ቆየች። አሁን ቶሎ ይከፈታል፣ ስሌቱም ከበፊቱ ይሻላል። ሁለት ኮር ግን አራት አይሆንም፣ ይህንንም ነገርኳት። ሳቀች። ከመሄዷ በፊት «አይ7» የሚለውን ስቲከር በጥፍሯ ላጠችና ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፈችው። እስከ ዛሬ እዚያው አለ።