በምናባዊ ሥዕል ውስጥ ብርሃንና ጥላን እንዴት መሔስ ይቻላል?

ክንፍ ያለውን የተረት ዘንዶ በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ስለዚህ ተመልካች የተሳለውን ዘንዶ እንዲያምን ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ብርሃኑ ያረፈበትና ጥላው የወደቀበት መንገድ ነው። ሐያሲ ስለ ቅርፊቱና ስለ ክንፉ ከመናገሩ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

በዋሻ ውስጥ ጫፉ የሚነድ በትር የያዘ አስማተኛ፣ ከኋላው የተኛ ዘንዶ፣ በዋሻው አፍ የሚገባ የጨረቃ ብርሃን ያለበትን ሥዕል እንውሰድ። አስቀድመው ሥዕሉን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። አስማተኛው ከግድግዳው ጋር ተዋሕዶ ከጠፋ፣ ሠዓሊው በቀለም ልዩነት ብቻ ተማምኖ የድምቀትና የጨለማን ልዩነት ዘንግቷል ማለት ነው። ቀጥሎም በሥዕሉ ቅጂ ላይ ከጥላው ጫፍ ተነሥቶ ጥላውን በጣለው ነገር አናት የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ በትሩ የፈጠራቸው ጥላዎች መስመር ሁሉ ነበልባሉ ላይ መገናኘት አለበት። ጨረቃ እጅግ ሩቅ ስለሆነች ግን የእርሷ ጥላዎች በመሬቱ ላይ ትይዩ ሆነው ይወድቃሉ።

በዚህ ዓይነት ሥዕል ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት አስማታዊው ብርሃን ራሱ ደምቆ በዙሪያው ያለውን ነገር አለማብራቱ፣ ወይም ቅርቡንም ሩቁንም እኩል ማብራቱ ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የአስማተኛው እጅ ከነበልባሉ ግማሽ ሜትር፣ የዘንዶው ራስ ደግሞ 5 ሜትር ቢርቁ፣ ራሱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እጁ ላይ ከሚያርፈው አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ሠዓሊው ልዩነቱን ማለዘብ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ግን አይችልም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ራይት እ.ኤ.አ. በ1768 የሳለውና በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ የሚገኘው፣ ወፍ በአየር መምጠጫ ውስጥ የምትታይበት ሥዕል ምናባዊ ባይሆንም ለዚህ ግሩም ማነጻጸሪያ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከብርጭቆ ዕቃ ጀርባ የተሸሸገው መብራት የቅርቦቹን ፊቶች ሲያደምቅ የራቁት ወደ ጨለማው ይሰጥማሉ፣ በቀኝ በኩል ባለው መስኮት ደግሞ ጨረቃ ትታያለች።

ወደ ቀለሙ ሲመጡ ጥላውን በቅርበት ይመርምሩ። እሳቱ የማይደርስበት የካባው እጥፋት የጨረቃዋን ሰማያዊነት መቀበል አለበት፤ ድፍን ጥቁር መሆን የሚገባው ሁለቱም ብርሃኖች የማይደርሱበት፣ ለምሳሌ ከዘንዶው ሆድ ሥር ያለው ስንጥቅ ነው። በገጸ ባሕርዩ ዙሪያ የተሳለ ነጭ የጠርዝ መስመር ካዩ ከኋላው ምን ብርሃን እንዳለ ይጠይቁ፤ ምንጭ ከሌለው ጌጥ ብቻ ነው።

ይህ መመዘኛ ለሁሉም ሥዕል አይሠራም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትውፊታችን ቅዱሳን መሬት ላይ ጥላ ሳይጥሉ መሳላቸው የአሣሣሉ ሥርዓት እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ከዚያ ትውፊት ተነሥቶ ምናባዊ ዓለም የፈጠረን ሠዓሊ በዚህ ሕግ መክሰስ ተገቢ አይሆንም።

ሂሱን ሲጽፉ «ብርሃኑ ልክ አይመስልም» ማለት ሠዓሊውን አይረዳውም፤ «በትሩ በቀኝ እጁ ሳለ ቀኝ ጉንጩ ለምን ጨለመ?» ቢሉት ግን ብሩሹን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። የብርሃኑ አቅጣጫ ከተሳሳተም ስለ ቀለሙ የሚሉትን ያቆዩት፤ አቅጣጫው ሲታረም የጥላዎቹ ቀለም አብሮ መለወጡ አይቀርምና።