ገንዳው ውስጥ ያልታወቀ ጀሪካን ሲገኝ ምን እናድርግ?

በቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያችን አንድ ጠዋት ከሠፈር የመጣውን ስንለይ ሁለት ጀሪካን አገኘሁ። በሁለቱም ውስጥ ትንሽ ትንሽ ፈሳሽ ቀርቷል። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ አንዱን በሌላው ላይ ገለበጥሁት። አንደኛው በረኪና፣ ሁለተኛው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ነበር። ከጀሪካኑ አፍ ጋዝ ወጣና ጉሮሮዬን ለበለበኝ፤ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። አብራኝ የምትሠራ እህታችን እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። ሳሉ ለቀናት አልለቀቀኝም። የወጣው ክሎሪን ነበር። ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያገኘው ጎንበስ ብሎ ቆሻሻ የሚለየውን ሰው ነው።

እንግዲህ አጠራጣሪ ነገር ስታዩ መጀመሪያ ሥራውን አቁሙ። ነፋሱ ከኋላችሁ እንዲመጣ ሆናችሁ ቁሙ፤ ቆራሌዎችንና ልጆችን አርቁ፤ ሲጋራም ሆነ እሳት አይቅረብ።

ቀጥሎ ምንነቱን መለየት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ክዳን ከፍቶ ማሽተት፣ ነቅንቆ ማየት፣ ጠብታ በጣት መንካት አያስፈልግም። በዓይን ብቻ እዩ። ምልክቱ ይነበባል ወይስ ተልጧል? ጀሪካኑ አብጧል? ካበጠ ውስጡ ጋዝ አለና አትንኩት። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ፈሳሽ ውኃ ቢመስልም ውኃ ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ነጭ ጋዝም፣ ፀረ ተባይም በዚያው ጠርሙስ ይቀመጣል። ካላወቃችሁት አላወቃችሁትም፤ እንደ መርዝ ቁጠሩት።

ከሁሉም የምፈራው የነቀዝ መድኃኒት ነው። ግራጫ ክኒን ሆኖ በአልሙኒየም ብልቃጥ ይሸጣል። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ይሸታል፤ አለመሽተቱ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ውኃ አታፍስሱበት፣ በረጠበ ጓንትም አትያዙት። ረጥቦ ካገኛችሁት ሁሉንም ትታችሁ ውጡና ወደ እሳትና ድንገተኛ አደጋ ደውሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ 939 ነው።

ስለ ጓንት ልናገር። የሐኪም ስስ ጓንት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መርፌ ያልፈዋል፣ አሲድም ቶሎ ያበላሸዋል። ለፈሳሽ ወፍራም የላስቲክ ጓንት፣ ለስለት ደግሞ የቆዳ ጓንት ይሻላል። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ጨርቅ አቧራ ቢይዝ እንጂ ጋዝ አያግድም።

የሚያፈስ ዕቃ ከሆነ እንደቆመ ሰፋ ባለ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ አስቀምጡት፤ የፈሰሰውን በደረቅ አሸዋ ሸፍናችሁ በአካፋ አንሡ። ብዙዎች ሰጋቱራ ይነሰንሳሉ፤ እኔ አልደግፈውም። አንዳንድ ኬሚካል ሰጋቱራን ያቀጣጥላል፣ አሸዋ ግን አይነድም። የተረፈውን ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡ፤ የእኔ ይበቃል። አሲድና በረኪና በተለያየ ቦታ ይቀመጡ።

መርፌ በመቆንጠጫ ተይዞ ወፍራምና ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከወጋችሁ ቦታውን አትጭመቁት፤ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ በፈጠነ መጠን ይሻላል። ያበጠ የስልክ ባትሪ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ቆሻሻ በሚጨምቅ መኪና ላይ አይጫን፤ ሲጨፈለቅ እሳት ይነሣል።

በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተገኘበትን ቀን፣ የመጣበትን ሠፈርና «አትክፈቱ» የሚለውን በማርከር ጻፉ። ከዚያ ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ጉዳዩ ስለ አደገኛ ቆሻሻ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የሚገዛ ነው። ወደ ገንዳው መልሳችሁ ብትጥሉት ነገ ቆሼ ላይ በእጁ የሚለቅም ሰው ያገኘዋል።

ማታ ስትመለሱ የሥራ ልብሳችሁን ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡ።