መኪናን በአግባቡ ማልበስ፤ ልብሱንም መያዝ

የመጀመሪያ መኪናዬን ቀለም ያበላሸሁት እኔው ነኝ፤ ያውም በመኪና ልብስ። በየማታው ሳልጠርገው አለብሰዋለሁ፤ ጠዋት የልብሱን አንድ ጫፍ ይዤ ጎትቼ አወርደዋለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፀሐይ በጎን ስትመታው ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አየሁ። ጥፋቱ የልብሱ አልነበረም። በልብሱና በቀለሙ መሀል የቀረው አቧራ ነው የጨረሰኝ። አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ ጨርቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ከዚህ አቧራ ማምለጫ ነው።

መጀመሪያ ልብሱ

ውሃ አያስገባም ስለተባለ ብቻ ፕላስቲክ የሆነ ልብስ አትግዙ። እውነት ነው፣ ውሃ አያስገባም። የገባውንም ግን አያስወጣም። ከመሬት የሚነሳ እርጥበት በስር ይገባል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ቀን ሲሞቅ መኪናው እንደተከደነ ድስት ይታፈናል። ድሮ የተጫረ ቦታ ካለ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ጨርቁ መተንፈስ አለመተንፈሱን በቤት መሞከር ይቻላል። ብርጭቆ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርጉ። አፉን በልብሱ ጥግ ሸፍኑት፤ በላዩ ሌላ ደረቅ ብርጭቆ ድፉበት። ትንሽ ቆይቶ የላይኛው ብርጭቆ ውስጡ ጉም ከያዘ እንፋሎት ያልፋል ማለት ነው። ደረቅ ሆኖ ከቀረ ልብሱን ለሌላ ሥራ አውሉት።

የውስጥ ገጹ ለስላሳ መሆን አለበት። ጉንጫችሁ ላይ አሹት፤ ከሻከራችሁ ቀለሙንም ይሻክረዋል። ጋራዥ ውስጥ ለሚያድር መኪና ስስ ጨርቅ ይበቃል። ደጅ ለሚያድር ግን ደርብ ያለውና ፀሐይ የሚችል ይሻላል። ልክን በተመለከተ፣ «ለሴዳን» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታመንም። ሁለት ሴዳኖች በርዝመት ግማሽ ሜትር ሊበላለጡ ይችላሉ። ከፊቱ ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) እስከ ኋላው ፓራውልት ለክታችሁ ሂዱ። የሰፋ ልብስ ነፋስ ሲመጣ እየተርገበገበ ሲፍቅ ያድራል፤ የጠበበ ደግሞ ስፖኪዮው ጋ ይቀደዳል።

ማልበስ

መኪናውን እጠቡና በደንብ አድርቁት። የበር ጠርዝና የስፖኪዮ ስር ውሃ ስለሚደብቁ እነሱን በጨርቅ ጥረጉ። ማጠብ ካልቻላችሁ ደግሞ ለዚያች ሌሊት ሳይለብስ ይደር። አቧራ ላይ ከማልበስ ባዶውን ማደሩ ይሻላል።

ሞተሩና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይቀዝቅዙ። ሰው ሠራሽ ጨርቅ የጋለ ማርሚታ ሲነካው ይቀልጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። አንቴናው የሚነቀል ከሆነ ንቀሉት።

ከዚያ የተጠቀለለውን ልብስ ኮፈኑ ላይ አስቀምጡ። የፊቱን ላስቲክ ፓራውልቱ ስር አስገቡና ወደ ኋላ እየፈታችሁ ሂዱ። በጣሪያው ላይ አልፎ ኋላ ሲደርስ የኋላውን ላስቲክ አጥልቁ። በመጨረሻ ጎንና ጎኑን ወደ ታች ጣል አድርጉ። አትጎትቱ፤ አንሱና አሳርፉ። የሆድ ማሰሪያ ካለው በስር አሳልፋችሁ እሰሩት። ብዙ ሰው ይህችን ማሰሪያ ይንቃታል፤ ነፋስ ያለበት ቦታ ግን እሷ ከሌለች ልብሱ ባይገዛ ይሻል ነበር።

ማውለቅ

እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። በመጀመሪያ ከላይ ያለውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ የወፍ ኩስ ካለ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ከዚያ የግራውን ጎን አንስታችሁ ጣሪያው ላይ እጠፉ። የቀኙንም እንዲሁ። አሁን መኪናው ላይ ከኋላ እስከ ፊት እንደ መቀነት የተዘረጋ ጨርቅ ቀረላችሁ። ከኋላ ጀምራችሁ ወደ ፊት ጠቅልሉት።

የዚህ አጠቃለል ጥቅም ቆሻሻው ገጽ ከቆሻሻው ጋር ብቻ መገናኘቱ ነው። ቀለሙን የሚነካው የውስጥ ገጽ ንጹህ ሆኖ ይቆያል። ጥቅልሉም ፊቱ በውጭ ስለሚሆን ነገ ኮፈኑ ላይ አስቀምጣችሁ ለብቻችሁ ታለብሱታላችሁ። የቱ ፊት እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ የፊቱን ጠርዝ በቀይ ክር ሁለት ሦስት ጊዜ ስፉበት። እኔ ይህን እስካደርግ ድረስ ስንቴ አዟዙሬ እንዳለበስኩት!

መሬት ላይ አታስቀምጡት። አንዲት ጠጠር ከተጣበቀችበት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ማጠብና ማቆየት

ልብሱን መኪናው ላይ እንዳለ የሚያጥቡ አሉ። አይሆንም። ቆሻሻው ከሳሙናው ጋር ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ እናንተ ደግሞ ከላይ ታሹታላችሁ። አውልቁና ገመድ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ወይም ሰፊ ገንዳ ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ውሃና ለዘብ ባለ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አይንካው፤ በረኪና ክሩን ይበላል፣ ማለስለሻው የሚተነፍስበትን ይደፍናል። አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁ። ጥላ ላይ አድርቁት እንጂ አትተኩሱት።

ርጥብ ልብስ ከረጢት ውስጥ አይግባ። ሻጋታ አንዴ ከያዘው ሽታው አይለቅም። ዝናብ መትቶት ካደረ ሲያባራ ገልጣችሁ ልብሱም መኪናውም እንዲናፈሱ አድርጉ። ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ከሆነም በየሁለት ሳምንቱ ግለጡና ኮፈኑን ክፈቱ። አይጥ ጨለማና ሙቀት ትወዳለች፤ ሽቦም ትበላለች።

አዲስ ቀለም የተቀባ መኪናን ቶሎ አታልብሱ። ቀለሙ እስኪበስል ሳምንታት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ እስከ 30 ቀን። ቀቢውን ጠይቁት።

ትንሽ ቀዳዳ ከተገኘ ከውጭ በኩል ጠግኑ፤ የክሩ ቋጠሮ ወደ ውስጥ ከዞረ ይጭራል። ጨርቁን በሁለት ጣት አሽታችሁ ዱቄት የመሰለ ነገር ከቀረባችሁ ግን ፀሐይ በልታዋለች፤ መጣፍ ዋጋ የለውም። የእኔ አሮጌው አሁን የውጭ ወንበሮችን ይሸፍናል።