ፓይል ማሽን ቦታ ሲቀይር

ፓይል (የሕንፃ መሠረት የሚሆን ጥልቅ የኮንክሪት ዓምድ) ቆፋሪ ማሽን የምትነዱ ልጆች፣ ማሽን የሚገለበጠው ቁፋሮ ላይ ብቻ አይምሰላችሁ። ቦታ ሲቀይርም ነው። በተቆፈረው የፓይል ጉድጓድ ውስጥ ኮንክሪቱ ብዙ ጊዜ ከመሬት ወለል በታች ስለሚቆም ከላይ አንዳንዴ 2 ሜትር ያህል ባዶ ይቀራል። እሱን በልቅ አፈር ሸፍነው «ተሞልቷል» ይሏችኋል። አትመኑ! በተለይ ክረምት ላይ የአዲስ አበባ ጥቁር አፈር ከላይ ደረቅ መስሎ ከስር ጭቃ ነው። 60 ቶን ማሽን በአንድ ጎን ከሰመጠ የማሽኑ ረጅም ምሰሶ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል።

ወርዳችሁ በእግራችሁ እዩት። የድሮዎቹ ጉድጓዶች በችካል ምልክት ይደረግባቸው። በሴሌክት ማቴሪያል (ለሙሌት በተመረጠ ጠንካራ አፈር) ካልተጠቀጠቁ ወፍራም ላሜራ ይነጠፍ። መቆፈሪያውን ዝቅ አድርጋችሁ ቀስ በሉ። ፎርማኑ «ሚክሰሩ (የኮንክሪት መኪናው) ቆሞ እየጠበቀ ነው» ብሎ ቢጮህ፣ ይቁም።