የሳይንስ ግኝትን ለጨዋታ ማምጣት፦ ምኑ ይመረጣል፣ እንዴትስ ይወራል?

ጥሩ የሳይንስ ወሬ የሚለየው ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ነው። የመጀመሪያው «እውነት?» የሚለው ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ሁለተኛው «እንዴት አወቁ?» ሲሆን አብዛኛው ወሬ እዚህ ላይ ይከሽፋል። ስለዚህ ግኝት ስትመርጡ ማስደነቁን ብቻ ሳይሆን፣ እንዴት እንደታወቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻላችሁንም እዩ። ካልቻላችሁ ሌላ ፈልጉ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳርትን እንውሰድ። ናሳ በ2022 ዳርት የተባለችውን መንኮራኩር ሆን ብሎ ዲሞርፎስ ከምትባል፣ 160 ሜትር ገደማ ስፋት ካላት አስትሮይድ (ፀሐይን ከሚዞሩ የህዋ አለቶች አንዷ) ጋር አላተማት። ፍጥነቷ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዲሞርፎስ ትልቋን አስትሮይድ ዲዲሞስን አንዴ ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅባት ነበር። ይህ ጊዜ በ73 ሰከንድ እንኳ ቢለወጥ ሙከራው ተሳካ ሊባል ነበር፤ በ32 ደቂቃ አጠረ፣ በኋላ በተጣራው ስሌት ደግሞ 33 ሆነ። እንዴት ታወቀ? ሁለቱ ከምድር ሲታዩ አንድ የብርሃን ነጥብ ናቸው፤ አንዷ በሌላዋ ፊት ባለፈች ቁጥር ግን ነጥቡ ይደበዝዛል። መደብዘዙ በየስንት ሰዓቱ እንደሚደጋገም መለካት ነው። ለውጡ ይህን ያህል የበዛው ደግሞ ከግጭቱ የተፈናጠረው ድንጋይና አቧራ ወደ ኋላ ሲወረወር አስትሮይዷን ይበልጥ ስለገፋት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ በአንዴ አትዘርግፉት። «አንዲት አስትሮይድ ገጭተው መንገዷን አስቀየሩ። 73 ሰከንድ ቢለወጥ ይበቃናል ብለው ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆነ» ብላችሁ ዝም በሉ። የመንኮራኩሯን ስምና ፍጥነቷን ለሚጠይቅ ሰው አቆዩ። አድማጩ ካልጠየቀ ወሬው አልያዘውም ማለት ነውና ወደ ሌላ እለፉ። «ወደ ምድር እየመጣች ነበር እንዴ?» የሚል አይጠፋም፤ መልሱ አልነበረም ነው፣ ለሙከራ የተመረጠችውም ስጋት ስላልነበረች ነው።

አንዳንዱ ግኝት «ግን» የሚለውን ቃል አብሮ ካላመጣችሁት ወደ ውሸት ይጠጋል። በ2022 መጨረሻ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ፣ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ጉልበት በትንሽ የሃይድሮጅን ነዳጅ ላይ አርፎ፣ አቶሞቹ ሲዋሃዱ (ፊውዥን ይባላል) 3.15 ሜጋጁል ወጣ። ከገባው በላይ መውጣቱ እውነተኛ ታሪክ ነው። ግን ሌዘሮቹ ራሳቸው ከኤሌክትሪክ መስመር 300 ሜጋጁል ገደማ ወስደዋል። የወጣውን 3.15 እና ከመስመር የተወሰደውን 300 አንድ ላይ ተናገሩ። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከመካከላችሁ ካለ የመጀመሪያውን ብቻ ብትናገሩ ወዲያው ያርማችኋል፤ ማረሙም ልክ ነው።

ትኩስ ዜና ላይ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ያዋጣል። በ2023 ኤልኬ-99 የተባለ ቁስ በተራ የክፍል ሙቀት ያለ ምንም ተቃውሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ተባለ፤ በማግኔት ላይ ግማሽ ጎኑ ተነስቶ የሚታይበት ቪዲዮም ዓለምን አዳረሰ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ራሳቸው ሠርተው ሲፈትሹት፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በድንገት የወረደው ውስጡ ቆሻሻ ሆኖ በቀረው የመዳብ ሰልፋይድ ምክንያት መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ ከማውራታችሁ በፊት ሌላ ቡድን ደግሞታል ወይ ብላችሁ ፈልጉ። የሕክምና ዜና ከሆነ ሙከራው በሰው ላይ ይሁን፣ በአይጥ ላይ ወይስ በብልቃጥ ውስጥ ባለ ሕዋስ ላይ ለዩ፤ ርዕሱ ላይ አይጻፍም፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን አለ።

መቶኛ ሲመጣም ከስንት ወደ ስንት ብላችሁ ጠይቁ። ከ1000 ሰው 2 ይታመም የነበረው 3 ቢሆን «በ50 በመቶ ጨመረ» ይባላል፤ ትክክል ነው፣ አድማጩ የሚገምተው ግን ሌላ ነው።

ግሡንም ምረጡ። ኬ2-18ቢ በምትባለው፣ 124 የብርሃን ዓመት ገደማ በምትርቀው ፕላኔት ላይ «ሕይወት ተገኘ» አይባልም። በ2025 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ፣ ምድር ላይ ሕያዋን የሚያመነጩትን የጋዝ ፍንጭ አየን አሉ፤ ሌሎች ያንኑ መረጃ መርምረው ምልክቱ ደካማ ነው አሉ። «አየን አሉ» ማለት ወሬውን አያቀዘቅዘውም፤ እንዲያውም ክርክሩ ራሱ ያጫውታል።

ወሬውን ከሰው ጋር አዛምዱት። ዕቃ መጠገን ለሚወድ ሰው ቮዬጀር 1 ይሻላል። በ1977 የተወነጨፈችው መንኮራኩር በ2023 መጨረሻ የማይነበብ መረጃ መላክ ጀመረች፤ መሐንዲሶች አንድ የማኅደረ ትውስታ ቺፕ መበላሸቱን ደረሱበትና እዚያ የነበረውን ኮድ ከፋፍለው ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ርቀቷ 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ስለነበር ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ መልስ የሚመጣው ከ45 ሰዓት በኋላ ነበር። የማጭድ ሴል የተባለውን በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ዘረ መልን በማረም የሚያክመውን፣ ካስጌቪ የተባለውን ሕክምና ግን በጥንቃቄ አንሱ። ብሪታንያ በ2023 ፈቅዳዋለች፤ ሆኖም ታካሚው አስቀድሞ ከባድ ኬሞቴራፒ መውሰድ አለበት። ከመካከላችሁ የታመመ ዘመድ ያለው ሰው ሊኖር ስለሚችል «መድኃኒቱ ተገኘ» ብላችሁ አትጀምሩት።

ያነበባችሁትን ስልካችሁ ላይ በአንድ መስመር ያዙ፦ የፕሮጀክቱ ስም፣ ዓመቱ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ «ግን»። የማታውቁት ከተጠየቀ «እሱን አላየሁም» በሉና ስልኩን አውጥታችሁ አብራችሁ ፈልጉ።