ቡችላን ውጭ መጸዳዳት ማስለመድ፦ ግቢ ላለውም ኮንዶሚኒየም ለሚኖረውም

ቡችላው ከመኪና እንደወረደ፣ ሳሎን ከመግባቱ በፊት፣ እንዲጸዳዳበት ወደመረጣችሁት ጥግ ውሰዱትና እስኪሸና ጠብቁ። መንገድ ላይ ቆይቷል፣ ደንግጧል፣ ፊኛው ሞልቷል፤ ብዙ አያስጠብቃችሁም። ትምህርቱ የሚጀመረው እዚያው ነው። «መጀመሪያ ቤቱን ይልመድ» ተብሎ አንድ ሳምንት ከተተወ የሚለምደው ምንጣፉን ነው፤ የለመደውን ማስተው ደግሞ ከማስለመድ ይከብዳል።

ከሁሉም የሚበልጠው ሰዓት ነው። የሁለት ወር ቡችላ ፊኛው ትንሽ ነው፣ የሚቆጣጠርበት ጡንቻም ገና አልጠነከረም። ዕድሜው በወር ተቆጥሮ አንድ ሲጨመርበት ሽንቱን ሊይዝ የሚችልበት ረጅሙ ሰዓት በግምት ይገኛል፤ የሁለት ወሩ 3 ሰዓት፣ የሦስት ወሩ 4 ሰዓት። ይህ ግን ቀን ላይ ጸጥ ብሎ ለተኛ ቡችላ ነው፤ ሌሊት ሲተኛ ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ነቅቶ የሚሯሯጥ ከሆነ አንድ ሰዓትም ይበዛበታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲሸና እልህ ወይም ተንኮል አይደለም፤ የሚወጣበት ሰዓት አልፏል ማለት ነው። መታረም ያለበትም ሰዓቱ ነው።

ለሁለት ወር ቡችላ የሚሠራ የቀን ፕሮግራም ይህን ይመስላል። ጠዋት 12 ሰዓት ዓይኑን እንደገለጠ ተሸክማችሁ አውጡት፤ በእግሩ ይምጣ ካላችሁ በሩ ጋ ሳይደርስ ይሸናል። 1 ሰዓት ላይ ቁርሱን ስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሳህኑን አንሡና አውጡት። ምግቡ 5 ሰዓት፣ 9 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ይደገማል። በመሃል በየሰዓቱ፣ ከእንቅልፍ በነቃ ቁጥር፣ ጨዋታ ባቆመ ቁጥር፣ ውሃ ከጠጣ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ ይውጣ። ከበላ በኋላ ሰገራ የሚመጣው ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማታ 4 ሰዓት የመጨረሻው መውጫ ይሆናል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ደግሞ አንድ ጊዜ። አራት ወር ሲሞላው ምግቡ ወደ ሦስት፣ ስድስት ወር ሲሞላው ወደ ሁለት ይወርዳል፤ መውጫውም አብሮ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ሞልቶ የሚቀመጥለት ቡችላ መቼ እንደሚጸዳዳ ማንም ሊያውቅለት አይችልም። በሰዓቱ የበላ በሰዓቱ ይወጣል።

ቦታው

አንድ ቦታ ምረጡ፣ አትቀያይሩት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይበቃል፤ ከውሃ ጉድጓድና ከጎመን መደብ የራቀ ይሁን። በአቃቂ፣ በገላንና በኮዬ ፈጬ በኩል መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ አያሳልፍም፣ ጭቃው እግሩን ይይዘዋል፣ ቡችላውም ደረቅ ነገር ፍለጋ ወደ በረንዳው ይመለሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ሙሉበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ሁለት ቆርቆሮ በአራት አጣና ላይ አድርጋችሁ ብትጋርዱት ብዙ ድካም ይቀንሳል፤ ዝናብ የሚፈራ ቡችላ ውጭ ቆሞ ይንቀጠቀጥና ሳይሸና ገብቶ ሶፋው ሥር ይለቀዋል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ እዚያ ጣሉለት፤ አፍንጫው ይመራዋል።

ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ከአጥር ውጭ መሬት አይርገጥ። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በታመመ ውሻ ሰገራ ይወጣና አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚመላለሱበት መንገድ ዳር ሽንት ማስለመድ ቡችላን ለሞት ማጋለጥ ነው። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጣል።

ውጭ ስትወጡ የምታደርጉት

በገመድ ይዛችሁ ውጡ፤ ግቢው የተዘጋ ቢሆንም። የተለቀቀ ቡችላ ዶሮ ያባርራል፣ ቅጠል ያኝካል፣ የወጣበትን ይረሳል። ቦታው ላይ ቁሙ፣ አትጫወቱ፣ አንድ ቃል ብቻ በሉ። «ሽንት» ካላችሁ ሁላችሁም «ሽንት» በሉ፤ ልጆቹም፣ ሠራተኛዋም፣ ጥበቃውም። መሬቱን እያሸተተ መዞር ሲጀምር ዝም በሉ። ጨርሶ ቀና ባለበት ቅጽበት «ጎበዝ!» በሉና ጥፍር የምታህል የተቀቀለ ጉበት ወይም ሥጋ አጉርሱት። ሽልማቱ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ ለማምጣት ወደ ማድ ቤት ከሄዳችሁ ቡችላው የተሸለመው በመሽናቱ ሳይሆን እናንተን ተከትሎ በመግባቱ ይመስለዋል። ሁለት ሴኮንድ እንኳ ለእሱ ረጅም ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያው አታስገቡት። ብዙ ቡችላ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይጨርስም፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁት፣ ከዚያም ትንሽ አጫውቱት። በሸና ቁጥር ጨዋታው የሚያበቃ ከሆነ ውጭ ለመቆየት ሲል ሽንቱን መያዝ ይጀምራል። በአስር ደቂቃ ውስጥ ምንም ካላደረገ ይዛችሁት ግቡ፣ ግን አትልቀቁት፤ 15 ደቂቃ ያህል እቅፋችሁ ውስጥ ወይም ማደሪያው ውስጥ አቆዩትና እንደገና አውጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «አልፈለገም» ብሎ ሲለቀው ምንጣፉ ይርሳል።

ቤት ውስጥ ዓይናችሁ ከሱ ሊነሣ አይገባም። ማየት የማትችሉ ከሆነ ሁለት ሜትር ገመድ ወገባችሁ ላይ እሰሩት፣ ካልሆነም ማደሪያው ይግባ። ለማደሪያ ካርቶን አይሆንም፤ ሽንት ይመጥጣል፣ ይሸታል፣ ይቦደሳል። አናጢ በጣውላና በኮምፔንሳቶ ይሠራዋል። ልኩ ቡችላው ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ የሚተኛበት ብቻ ነው። ከዚያ ከሰፋ አንዱን ጥግ ለመኝታ፣ ሌላውን ለሽንት ያደርገዋል። ሲያድግ ይበቃዋል ብላችሁ ትልቅ ካሠራችሁ በኮምፔንሳቶ ከፍላችሁ አጥብቡለት። የተነጠፈለት ጋቢ ላይ ደጋግሞ ከሸና ጋቢውን አንሡት፤ ለስላሳ ጨርቅ ይጋብዘዋል።

ሰንሰለት ግን የማደሪያን ሥራ አይሠራም። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የታሰረ ቡችላ በሰገራው አጠገብ መብላትና መተኛት ይለምዳል። ውሻ ከማደሪያው ርቆ የመጸዳዳት ተፈጥሮ አለው፤ ትምህርታችን በሙሉ የቆመው በዚያ ላይ ነውና ያ ከጠፋ ማስለመድ በጣም ይከብዳል። ከእናታቸው ቀድመው ተለይተው በጠባብ ሣጥን ውስጥ የሰነበቱና መንገድ ዳር የሚሸጡ ቡችሎችም ይህ ችግር ይዘው ይመጣሉ። ስምንት ሳምንት ያልሞላውን አትውሰዱ፤ ከወሰዳችሁ ግን ማደሪያውን በቀን ደጋግማችሁ አጽዱ፣ መውጫውንም በየ45 ደቂቃው አድርጉት።

ውሻ ሳሎን በማይገባበት ቤትም ትምህርቱ ያው ነው። በረንዳ፣ ማድ ቤትና ሰርቪስ ቤት ለእሱ ቤቱ ናቸውና ከእነዚያ ውጭ መውጣትን ይማር።

ሌሊት

በየካ ተራራ ሥር፣ በእንጦጦ ግርጌና በሱሉልታ አቅጣጫ ሌሊት ጅብ ወደ መንደር ይጠጋል። አጥሩ ባላለቀ ግቢ ውስጥ ቡችላን ብቻውን ለሽንት መልቀቅ አይታሰብም። የሌሊት 8 ሰዓቱ መውጫ በገመድና በባትሪ ይሁን፣ ከበሩ አጠገብ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ስለሚከብድ ቶሎ ጨርሳችሁ ግቡ። አታጫውቱት፣ አታውሩለት፤ ሌሊት መንቃት ደስታ ካለው በየሰዓቱ ያስነሣችኋል። ማደሪያውን አልጋችሁ አጠገብ አድርጉት፤ ሲቁነጠነጥ ካልሰማችሁት ልታወጡት አትችሉም። ሦስት ወር ተኩል ሲሆነው የሌሊቱን ሰዓት በየጥቂት ቀኑ በ30 ደቂቃ እየገፋችሁ ወደ ንጋት አድርሱት።

ምግብ ሲበላሽ ትምህርቱም ይበላሻል

ተቅማጥ የያዘው ቡችላ ሊማር አይችልም። ከገበታ የተረፈ ወጥ ሽንኩርትና በርበሬ አለበት፤ በርበሬው አንጀቱን ያቃጥላል፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ቢቀቀልም ለውሻ መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ይሰብራል። የላም ወተት በዳቦ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ከእናቱ የተለየ ቡችላ ግን የወተቱን ስኳር መፍጨት ያቅተውና ያስቀምጠዋል። ጾም ሲገባ ሥጋው በአንድ ቀን ቆሞ በሽሮ ፍትፍት ሲተካ፣ በፋሲካ ደግሞ አጥንት ሲቆለልለት አንጀቱ ይታወካል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና ምን እንደምትመግቡት አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ምግብ ሲቀየርም አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ በሰባት ቀን አሻግሩት። የበሰለ አጥንት ይሰነጠቃል፣ ያደርቃል፤ ጨርሶ አትስጡት።

ቤት ውስጥ ሲያመልጠው

እየሸና ከደረሳችሁበት ድምፅ ሳታሰሙ አንሡትና ውጭ ያስጨርስ፤ ውጭ ከጨረሰ ሸልሙት። ካለፈ በኋላ ካገኛችሁት ምንም አታድርጉት። አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ መድፈቅ የቆየ ልማድ ነው፣ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ቡችላው የሚማረው ሰው ፊት መሽናት እንደሚያስመታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ እናንተ ቆማችሁ አይሸናም፣ ገብቶ ከመጋረጃ ጀርባ ይደበቃል። «ግማሽ ሰዓት ውጭ ቆሜ አልሸና አለ፣ እንደገባ ለቀቀው» የሚባለው ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ የተመታ ነው።

ያመለጠበትን ሰዓት በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ጻፉ። ሦስት ቀን በተከታታይ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ከሆነ፣ 9:45 ላይ አውጡት፤ በቃ።

ጽዳቱ ጠረን ማጥፋት አለበት። መጀመሪያ በጨርቅ ምጠጡት፣ በኦሞና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ አለቅልቁትና አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ አፍስሱበት፣ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ጥረጉት። እብነ በረድ ላይ አቼቶ አይፈሰስ፣ ድንጋዩን ይበላዋል። በረኪና ለተቅማጥና ለፓርቮ ጥርጣሬ ነው የሚያገለግለው፦ ወለሉ በሳሙና ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ። በረኪናንና አቼቶን ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዚህ ሥራ ብቻ አንድ ጀሪካን ይቀመጥ።

ሰገራውን በላስቲክ አንሥታችሁ መጸዳጃ ቤት ጨምሩት ወይም ቅበሩት፤ ለሰላጣ መደብ ማዳበሪያ አይሆንም። የቡችላ ወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ወደ ልጆችም ይተላለፋል። የትል መድኃኒት እስከ ሁለት ወሩ በየ15 ቀኑ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ ይሰጠዋል።

ኮንዶሚኒየም

አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ በየሰዓቱ መውረድ አይቻልም፣ ክትባቱም እስኪያልቅ አያስፈልግም። ዝቅ ያለ ሰፊ ሳፋ በረንዳ ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጎን ቆርጣችሁ መግቢያ ሥሩለት፣ ከነአፈሩ የተነሣ ሣር አስቀምጡበት። ሣሩን ውሻ ከማይደርስበት ቦታ አምጡ፣ በየሳምንቱ ቀይሩት። ሰጋቱራም ይሆናል፣ ግን አንዳንዱ ይበላዋል። ጋዜጣ አልመክርም፤ ጋዜጣ የለመደ ቡችላ ወለል ላይ የወደቀ ወረቀትና ምንጣፍ ሁሉ መጸዳጃው ይመስለዋል። ክትባቱ ሲያልቅ ከዚያው ሣር ትንሽ ይዛችሁ ወርዳችሁ አዲሱ ቦታ ላይ አድርጉለት፤ ሳፋውን ሁለት ሳምንት ካቆያችሁ በኋላ አንሡት።

አንዳንድ ቡችላ እንግዳ ሲመጣ ወይም ስታጎነብሱበት ጠብ ያደርጋል። ያ የፍርሃትና የአክብሮት ምልክት ነው፤ መቆጣት ያባብሰዋል። ሳታዩት እለፉት፣ እንግዳም ቁጭ ብሎ እስኪመጣለት ይጠብቅ፤ አብዛኛው ሲያድግ ይተወዋል። ከስድስት ወር በኋላ ወንዱ ግድግዳ ላይ እግሩን ማንሣት ከጀመረ ክልል ማመልከቱ ነው፤ ማኮላሸት በአብዛኛው ይቀንሰዋል።

ብዙዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜያቸው ይለምዳሉ። ለምዶ የነበረ ቡችላ ድንገት በየአስር ደቂቃው ጠብ ጠብ ካደረገ፣ ሲሸና ካቃሰተ ወይም ሽንቱ ከቀላ የፊኛ በሽታ ነው ብላችሁ ጠርጥሩና ሐኪም አሳዩት። የሚያስመልሰውና ደም ያለበት የሚያስቀምጠው ቡችላ ግን አንድ ሌሊትም አይደር፤ ያኑ ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ።